ከቀኝ ወደ ግራ የዞረችው ቀይ መኪና

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ እንድሪስ የጃፓን ስፖርት መኪና ካልገዛሁ ብሎ የተነሣ ጊዜ። እሱ ሃያ ስድስት ሞልቶታል፤ ከሐይቃችን የሚወጣውን ዓሣ ደሴ እያደረሰ የሚሸጥ፣ ገና ያላገባ ጎረምሳ ነው። እኔ ሐይቅ ከተማ ላይ የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያኔ ሴት መካኒክ ለማየት የሚመጣው ሰው መኪና ይዞ ከሚመጣው ይበልጥ ነበር።

"እቴ ዘሀራ፣ አንች እያለሽልኝ ምን እፈራለሁ?" አለኝ እንድሪስ።

ደስ አለኝ። እንዲህ የሚል ወንድም ያላት ስንት ሴት አለች?

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ጋራዡን ስለ ዘጋሁ ነው። ጉልበቴ ከመኪና ሥር ገብቶ መውጣቱን እምቢ ካለ ቆይቷል፤ ግን የዘጋሁት በጉልበቴ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንድ የድሮ ደንበኛዬ በኤሌክትሪክ የምትሄድ አዲስ መኪና ገዝቶ ሊያሳየኝ አመጣት። "እስቲ አስነሣት" አልኩት። "ተነሥታለች እኮ እቴ" አለኝ። ጆሮዬን ወደ ኮፈኗ አስጠጋሁ። ዝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጆሮዬ እየሠራሁ የበላሁ ሰው፣ ምንም የማይል ሞተር ፊት ቆሜ ሳቄ አመለጠኝ። ስቄ ሳበቃ "አልሃምዱሊላህ፣ የእኔ ተራ አልቋል" አልኩ። ሰውየው የተከፋሁ መስሎት ሊያጽናናኝ ሞከረ። አልተከፋሁም። ተራ ደርሶኝ ያውቃል፤ ይህም ለሁሉም አይደርስም።

ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። መካኒክነትን የተማርኩት አያ ይመር ጋራዥ ውስጥ፣ የተፈቱ ዕቃዎችን በናፍጣ እያጠብኩ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የተቀጠርኩት ለማጠብ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ያጠብኩትን ዕቃ "ይኸ ምን ይሠራል?" ሳልል አላስረክብም። ሠራተኞቹ "ለዚች ልጅ ዕቃ ስጧት እንጂ ጆሮ አትስጧት" ይሉ ነበር። አያ ይመር ግን ጆሮ ሰጡኝ።

አያ ይመር ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸው ዘይት ነክቶት የማያውቅ ሰው ነበሩ። ሰው ሁሉ ከሥራ በኋላ ይታጠባል፤ እሳቸው ሞተር ከመንካታቸው በፊትም በሳሙና ይታጠባሉ። "የእጅሽን አሸዋ ለሞተሩ አትስጭው" ይሉኛል። ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ሲፈቱ በነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ይደረድሩታል፤ የአንደኛው ከሁለተኛው አይቀላቀልም። ከዚያ ቁጢጥ ብለው የእያንዳንዱን ጫፍ ያያሉ። እንደ ብስኩት ቡኒ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ከነጣ ደግሞ ቤንዚን አንሶት ራሱን እያቃጠለ ነው። "ሐኪም ምላስሽን አውጭ ይልሽ የለ? ይኸ የሞተር ምላስ ነው" ብለው ነው ያስተማሩኝ። ከማንም መጽሐፍ ይህን ያህል የገባኝ ነገር የለም።

ሌላም ጠባይ ነበራቸው። ማንኛውም መኪና ወደ ጋራዡ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቁት እንዴት እንደሚሄድ ሳይሆን እንዴት እንደሚቆም ነው።

"አያ ይመር፣ እኔን ያመጣኝ የሞተር ድምፅ ነው" ይላል ሾፌሩ።

"አውቃለሁ። መጀመሪያ ነድተህ አቁመህ አሳየኝ።"

"ፍሬኑ ደህና ነው እኮ!"

"ደህንነቱን እኔም ልየው፣ ምቀኛ አትሁን።"

ሾፌሩ እያጉረመረመ ነድቶ ያቆማል። እሳቸው መንገድ ዳር ቆመው ያያሉ። እኔ ከበስተኋላቸው ቆሜ ስንት መቶ ጊዜ አይቻለሁ!

እሳቸው ጋ ስምንት ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ ውጫሌ አጠገብ ካምፕ ተክሎ መንገድ የሚሠራ ድርጅት መካኒክ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። የያዝኩት ወረቀት አያ ይመር በእጃቸው የጻፉልኝ ሦስት መስመር ብቻ ነው። ፎርማኑ ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየው።

"ሴት ነሽ" አለኝ።

"አዎ።"

"ገልባጭ መኪና ሥር ትገቢያለሽ?"

"ከአንተ ይልቅ ለእኔ ይቀለኛል" አልኩት ቦርጩን እያየሁ።

የቆሙት ሾፌሮች በሳቅ ወደቁ። ቆጣ ሊል ሞክሮ እሱንም ሳቁ አሸነፈው፤ በዚያው ቀን ቱታ ሰጠኝ። ቱታው ለሁለት እኔ የሚበቃ ነበር። እዚያ አምስት ዓመት ሠራሁ። ደመወዙ በሰዓቱ ይመጣል፤ የጋራዤን ቆርቆሮ የገዛሁትም በእሱ ነው። የከባድ መኪና ፍሬን አንጀቱን ዘርግፌ የተማርኩት እዚያ ነው። የኋላው ስህተቴ ይበልጥ የሚከነክነኝም ለዚህ ነው። ባላውቅ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ጋራዤን በከፈትኩ ሰሞን ከመጡልኝ ሥራዎች አንዱን ሳልናገር አላልፍም። ሐይቃችን ዳር ያለው ገዳም ጄኔሬተሩ አልነሣ ብሎት አንድ አባት ሊጠሩኝ መጡ። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ በዚያ ላይ እኔ ሙስሊም ነኝ። እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ስቅለሰለስ "አብሽሪ ልጄ፣ አንች አትገቢም፤ እሱ ይወጣል" አሉኝ። እውነትም ስድስት ሰው በወፍራም ግንድ ላይ አንጠልጥሎ፣ እንደ በሽተኛ ተሸክሞ ከበሩ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር አወጣልኝ። ቤንዚን የሚያልፍበትን ቱቦ ጭቃ ደፍኖት ነበር። ጠርጌ አስነሣሁት። አባ "እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ" ብለው መረቁኝ። እኔ አሚን አልኩ፣ እሳቸው አሜን አሉ፤ ጄኔሬተሩም ሳያቋርጥ ተመልሶ ገባ።

ወደ ቀይዋ ልመለስ።

እንድሪስ መኪናዋን የፈለጋት በኪራይ ሙሽራ ሊያደርስባት ነው። በዚያን ዘመን በእኛ አካባቢ ሙሽራ የምትሄደው በሚኒባስ፣ ሲብስም በጭነት መኪና ጋቢና ነበር። "ሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ቀይ" እያለ ያልማት ነበር። የዓሣ ሥራውን ለሌላ ለቀቀ፤ እናታችንም ሁለት በሬ ሸጣ ጨመረችለት።

"ሁለት በሬ ወስደህ ሁለት በር ልታመጣልኝ?" አለችው።

"እማ፣ መጀመሪያ አንችን ነው የማሳፍርሽ!"

"እኔ ሙሽራ ነኝ? ደግሞ ከገባሁባት ማን ያወጣኛል? ከመሬት የተቀመጠች ናት ስትል አልሰማሁህም?"

ኮምቦልቻ ድረስ አብረን ሄደን አየናት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም፤ ቀለሟ ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል። ጃፓን አገር መሪ በቀኝ በኩል ነው። እንዲህ ያሉ መኪኖች እኛ ዘንድ እንዲነዱ መሪያቸው ወደ ግራ ይዞራል። የት እንደ ዞረች፣ ማን እንዳዞራት ሊብሬዋ አይናገርም። ደላላው "ሥራው ንጹሕ ነው፣ እይው" አለኝ። ዳሽቦርዷ ስንጥቅ የለው፣ ብሎን አልጎደለው። ንጹሕ ነው ብዬ አለፍኩት። ልቤ ሞተሯ ላይ ነበር።

ሲያስነሣት ጥቁር ጭስ ተፋች። ደላላው ደነገጠ። እኔ ካንዴላዎቿን ፈትቼ አየሁ፤ አራቱም ጥቀርሻ ለብሰዋል። እንድሪስን ወደ ጎን ወሰድኩት።

"አልታመመችም። የባሕር ጠረፍ አየር ለምዳ ነው" አልኩት።

እኛ አገር ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ጠረፍ አየር ተብሎ የተለካ ቤንዚን እዚህ ይበዛባታል፤ ሞተሯ እየሰመጠች ነው የምትሠራው። ያን ቀን ያወቅሁትን ለደላላው አልነገርኩትም፤ በጭሱ ምክንያት ዋጋ ቀነሰልን።

አስራ አንድ ቀን ደከምኩባት። ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የነሐስ ብሎን አለች። ለከፍታ ቦታ የሚሆነውን ከየት አመጣለሁ? ቀዳዳዋን በቆርቆሮ ብየዳ ደፈንኩና ከአንድ የእጅ ሰዓት ሠራተኛ በተዋስኩት እንደ ፀጉር የቀጠነ መሰርሰሪያ ጠበብ አድርጌ እንደገና በሳኋት። ማን አስተማረሽ ብትሉኝ ማንም። ሁለት አበላሽቼ ሦስተኛዋ ተሳካች። ከዚያ ወደ ደሴ ዳገቱን ነድቼ እወጣለሁ፣ ዳገቱ ላይ አጥፍቼ ካንዴላ እፈታለሁ፣ አያለሁ፣ ተመልሼ አስተካክላለሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ አየርና ቤንዚን የሚደባልቀው ካርቡራተሯ ሁለት መሆኑ ነው። ሁለቱ እኩል አየር ካልሳቡ ሞተሯ ታነክሳለች። የጎማ ቱቦ ቁራጭ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርጌ ፉጨቱን እሰማለሁ፤ ከዚያ ወደ ሌላኛው። አያ ይመር ያኔ ሥራ ትተው ነበር፤ ከዙህር ሶላት በኋላ እየመጡ እኔ ጋ ይቀመጣሉ። ቱቦውን ተቀብለው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አንዷ አምባሰል ትላለች፣ አንዷ ባቲ ትላለች። በዚህ ማን ይጨፍራል?"

እንደገና ሠራሁት። በማግሥቱ ሰምተው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመቱ ጀመር። ወደውታል ማለት ነው። ካንዴላዎቹ ብስኩት መስለው ወጡ። ያች መኪና ወደ ደሴ ዳገቱን ስትወጣ የነበራትን ድምፅ አሁንም ብጠየቅ ባፌ አዜምላችኋለሁ። እንድሪስ ከጎኔ ተቀምጦ "እቴ! እቴ! እቴ!" ከማለት ሌላ ቃል አጥቶ ነበር።

ስንመለስ አያ ይመር "ፍሬኗንስ አየሽው?" አሉኝ።

"አየሁ አያ ይመር። ሸራዋ አዲስ ነው፣ ዘይቷንም ቀይሬያለሁ።"

አልዋሸሁም። አራቱንም ጎማ ፈትቼ አይቻለሁ። ያላየሁት እግር የሚረግጠውን በኩል ነው። መሪ ወደ ግራ ሲዞር የፍሬን ፔዳሉም አብሮ ይመጣል፤ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ ግን እዚያው በቀኝ ይቀራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተጋድሞ የሚያልፍ፣ በብየዳ የተቀጠለ ዘንግ ነው። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ዳሽቦርድ ማውለቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ሠርግ ደግሞ ደርሷል። ሩጫዋን አስራ አንድ ቀን ሠራሁ፤ ለመቆሟ ግማሽ ቀን ነፈግኳት።

ሦስት ሙሽራ አደረሰች። ለአራተኛዋ እንድሪስ ሙሽሪትን ሊያመጣ ብቻውን ወደ ውጫሌ እየሄደ ነበር፤ አበባና ሪባን ኮፈኗ ላይ እንደ ታሰረ። ውጫሌ ገበያ የዋለበት ቀን ነው። ቁልቁለቱ መሐል ላይ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ድረስ ወርዶ ቀረ። ከፊቱ አህያ እየነዱ የሚሄዱ ገበያተኞች ነበሩ። በአንድ በኩል ገደል ነው፤ እሱ መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ ቦዩ ውስጥ ከተታት። ሰው አልነካም። ግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ገበያተኞቹ እህላቸውን መንገድ ላይ ጥለው በሩን በመጥረቢያ ገንጥለው አወጡት፤ ነጠላቸውን ቀደው እግሩን አሰሩለት፤ በራሳቸው ጋቢ ጠቅልለው ባገኙት መኪና ወደ ደሴ ሆስፒታል ላኩት። እህሉን ማን እንደ ሰበሰበው አላውቅም። ስማቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ በየሶላቴ ግን አሉ።

ሰው ሁሉ "ቀደር ነው፣ አላህ የወሰነው ነው" አለኝ። ትራፊክ ፖሊሱም መኪናዋ አሮጌ ናት ብሎ ጻፈ። እናቴ እያለቀሰች "አንች ምን ታደርጊ ልጄ" አለችኝ። እኔም ይህን መስማት ፈልጌ ነበር።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዤ መጣች። አያ ይመር እጃቸውን ታጥበው ገቡ። ዳሽቦርዱን አብረን አወለቅነው። ዘንጉ ብየዳው ላይ ለሁለት ተቆርጧል። ስብራቱን ወደ ብርሃን አውጥተው አሳዩኝ። ግማሹ የሚያብለጨልጭ ነው፤ ዛሬ የተሰበረ። ግማሹ ዝጓል።

"ገባሽ?" አሉኝ።

ገባኝ። የዛገው ግማሽ ሳንገዛት በፊት ጀምሮ የተሰነጠቀ ነው። ዳሽቦርዱን ባወልቀው ኖሮ በዓይኔ አየው ነበር።

"ሰው ቀደር ነው ይለኛል" አልኩ።

"ቀደሩን አላህ ያውቀዋል። ዘንጉን የምታውቂው አንች ነሽ።" ዘንጉን እጄ ላይ አኑረው "ለእንድሪስ ከአንች አፍ ይስማ" አሉኝ።

"ከዚያ በኋላ ወንድም ይኖረኛል ብለው ነው አያ ይመር?"

"አላውቅም" አሉኝ። ይኖርሻል ብለው አልዋሹኝም፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

ደሴ ሄጄ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። የተሰበረውን ዘንግ በፌስታል ይዤ ነበር። አሳየሁት፤ የዛገውን፣ የሚያብለጨልጨውን፣ ግማሽ ቀን የነፈግኩትን ሁሉ ነገርኩት። ዘንጉን ተቀብሎ ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ መልሶ ሰጠኝ።

"ሙሽሪትስ በምን ሄደች?"

"በሚኒባስ።"

"ጥሩ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ሂጅ እቴ። አሁን ሂጅ።"

ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልሰጠኝም። ስድብ ብጠብቅም አልሰደበኝም። በዒድ ቀን እናታችን ቤት አንድ ገበታ ቀርበን ጨው እንኳ በእሷ በኩል ነበር የሚጠይቀኝ። መኪናዋን እንዳለች ለቁርጥራጭ ሸጣት። እኔ ጋራዡን ለመዝጋት ቆርጬ መፍቻዎቼን በካርቶን አሰርኩ። አያ ይመር መጥተው ካርቶኑን አዩና ላዩ ላይ ተቀመጡበት።

"ይነሱልኝ አያ ይመር።"

"አልነሣም። ውጭ አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ መሪው የዞረ ነው። ሰው ይጭናል። ዘንጉ የት እንደሚገኝ ከአንች በላይ የሚያውቅ እዚህ አገር አለ?"

ቀትር ድረስ ከካርቶኑ ላይ አልተነሡም። በመጨረሻ ሲያንቀላፉ መፍቻ ከሥራቸው መዝዤ ሄድኩ። ሚኒባሱ ደህና ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው ግን ተሰንጥቋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪው የዞረ መኪና ጋራዤ ከገባ ለዘይት ቅያሪም ይምጣ ዳሽቦርዱን ሳላወልቅ አልለቅም። ባለመኪኖች ይጮሃሉ፤ "ለካንዴላ አምጥቼ ልብሷን ታወልቂብኛለሽ?" ይላሉ። ይጩሁ። በሥራ ዘመኔ ሰባት የተሰነጠቀ ዘንግ አግኝቻለሁ። ሰባቱም መኪኖች ሰው የሚጭኑ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ስፖርት መኪናም መጥቶልኝ አስተካክያለሁ፤ ደስታውም አልቀነሰብኝም። ቅደም ተከተሉ ነው የተቀየረው።

አያ ይመር አልጋ ላይ እያሉ ልጠይቃቸው ስሄድ ከመቀመጤ "ምን ገባ ዛሬ?" ይሉኝ ነበር። ድምፁን በአፌ እያሰማሁ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በሽታውን ይነግሩኛል። አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው። ሠላሳ ዓመት የበላሁበት ሙያ ከእሳቸው ነው። ስቆ ቱታ የሰጠኝ ፎርማን፣ ጄኔሬተር ተሸክሞ ያወጣልኝ ገዳም፣ በሬዋን የሸጠች እናት፣ እህሉን የጣለ ገበያተኛ፤ ስቆጥራቸው የተሰጠኝ ከሠራሁት ይበዛል።

የእንድሪስ እግር ድኖ ትንሽ ያነክሳል። በሦስተኛው ዓመት አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ ሐይቅና ውጫሌ መሥራት ጀመረ። ለመጀመሪያው የፍሬን ሥራ ደሴ ወሰዳት፤ በጋራዤ በር ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ለሁለተኛው እኔ ጋ አመጣት። እስክጨርስ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ተራ ገብቶ ሰው ጭኖ ወደ ውጫሌ ሄደ።